ሦስተኛው ጫፍ

በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰው ሁሉ «ሽቅቤ» ነው የሚለው። ገና በዳዴ ሳለ ደረጃ ካየ ወደ ላይ፣ አጥር ካየ ወደ ላይ ነበር። ከጣሪያ ላይ ስንቴ በልመናና በቁጣ እንዳወረደችው የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት። አድጎም አመሉ አልለቀቀውም። የደን ባለሙያ ሆነና ተራራ ሲወጣ ደሞዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት አገኘ።

ታላቅ እህቱ ደግሞ የምድር ቤት ሰው ነበረች። በካርታ መሥሪያ ቤቱ ሕንጻ፣ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ የድሮ ካርታዎችን ትጠብቃለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጣሪያው ላይ የውኃ ቧንቧዎች ያልፋሉ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰፋፊና ጠፍጣፋ የብረት መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። እንግዳ ሰው እዚያ ትንሽ ከቆየ ይጨንቀዋል። እሷ ግን ከወጣትነቷ ጀምራ ስለኖረችበት እንደ ሳሎኗ ለምዳዋለች። ለምን እንዳላገባች ዘመድ ሲጠይቃት «ባሌ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሳወጣው እንዳይቀደድብኝ ፈርቼ ነው» ትላለች። ዘመድም ስቆ ይተዋታል።

እዚያ ካሉት ካርታዎች ሁሉ ልቧ የሚያደላው የሰሜኑን ተራራ፣ ደኑንና ሐይቁን ለሚያሳዩት ነበር። ያ አካባቢ ሦስት ጊዜ ካርታ ተሠርቶለታል። የመጀመሪያውን የሠሩት ቀያሾች ናቸው፤ መሣሪያቸውን ተሸክመው በእግር እየዞሩ፣ በየቦታው የድንጋይ ምልክት እየተከሉ፣ ድንኳናቸው ሲገቡ በብዕር እየሣሉ። በዚያ ካርታ ላይ ደኑ እስከ ተራራው ትከሻ ይደርሳል፤ ሐይቁ ትንሽ ባቄላ ይመስላል። ሁለተኛው ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራ ነው፤ ደኑ ትከሻውን ለቆ ወደ ወገቡ ወርዷል። በሦስተኛው፣ ከሳተላይት በተወሰደው፣ ደኑ እዚህም እዚያም የተጣለ እራፊ ጨርቅ ሲመስል ሐይቁ ደግሞ መውጫው ላይ ግድብ ስለተሠራበት አብጦ የዱሮ ዳርቻውን ውጦታል።

ሽቅቤም ወደ ምድር ቤቷ የወረደው ለዚሁ ጉዳይ ነው።

«እትዬ፣ ያንን የጥንቱን ቅጂ ስጪኝ» አላት ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ፊጥ ብሎ። «ቀያሾቹ በደኑ ዳር የተከሏቸውን ድንጋዮች ፈልጌ ላገኛቸው ነው። ድንጋዩ የቆመበትን ካወቅኩ ደኑ ምን ያህል እንደሸሸ እቅጩን እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ‹ድሮም እንዲህ ነበር› የሚለኝን አለቃዬን አፉን አስይዘዋለሁ።»

«መጀመሪያ ከጠረጴዛዬ ውረድ።»

«ወረድኩ። ስጪኝ።»

«ከማን ጋር ነው የምትወጣው?»

«ከባልደረባዬ ጋር ነው። ደግሞ እማዬን መሰልሽኝ!»

ዋናው ካርታ ከክፍሉ አይወጣም። ቅጂ ግን ይፈቀዳል። በትልቁ ማተሚያ አተመችለትና አጥፋ ልትሰጠው ስትል ለጃኬቱ ኪስ እንደማይሆን አየች። በወረቀት መቁረጫው አራቱንም ነጭ ጠርዞች ቀንጥሳ አስተካከለችው። ሽቅቤ ጉንጯን ስሞ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

በመሄጃው ቀን ባልደረባው ታሞ ተኛ። ሽቅቤ ጉዞውን እንደማዘግየት ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሄደ። ለእናቱ የነገራት «ከተማ ውስጥ ስብሰባ አለኝ» ብሎ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ እህቱ ቢሮ እንደገባች ስልኳ ላይ መልእክት ደረሳት። «እትዬ ወድቄያለሁ። እግሬ ድንጋይ ሥር ተይዟል። ቦርሳዬ ገደል ገባ። ስልኩ ሊዘጋ ነው። ያለሁት እዚህ ነው» ይላል፤ ከሥሩም ቦታውን የሚያመለክቱ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ተጽፈዋል። ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። ደግማ ደወለች። ወዲያው ወደ ነፍስ አድን ቡድኑ ደወለች።

የቡድኑ መሪ ሁሉም «ሻምበል» የሚሉት፣ ዕድሜውን በተራራ የጨረሰ ሰው ነው። ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ተቀብሎ አስደገማት፤ በአዲሱ ካርታ ላይም አስቀመጣቸው። ጥቂት ቆይቶ ራሱ መልሶ ደወለ።

«እህቴ፣ ቁጥሩን በትክክል ነው የሰጠሽኝ?»

«እንደጻፈልኝ ነው የሰጠሁዎት። ምነው?»

ሻምበል ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚያመለክተው ሐይቁን ነው። ከዳርቻው ገባ ብሎ፣ ውኃው ውስጥ።»

ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ነው። እሷ ለእናቷ እንዴት ብላ እንደምትነግራት ስታሰላስል፣ እናት ከደን መሥሪያ ቤት በኩል ሰምታ ጎረቤቷን አስከትላ በተገኘው መኪና ወደ ሐይቁ ገስግሳለች። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደወለች። ከድምጿ ኋላ የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«መንጠቆ እየጣሉ ነው» አለች እናት። «ልጄን እንደ ዓሣ በመንጠቆ እየፈለጉት ነው! አንቺ የት ነሽ?»

«ቢሮ ነኝ፣ እማዬ።»

«ቢሮ!» አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ልጅቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ልትነሣና ልትሄድ ኮቷን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። መልእክቱን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ እንደገና አነበበችው። «ቦርሳዬ ገደል ገባ» በሚለው ላይ ዓይኗ ተተከለ። ቦታ የሚያመለክተው መሣሪያ ሁልጊዜ ቦርሳው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስልኩ አሮጌ ነው፤ ጥሪና መልእክት እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። ታዲያ ቦርሳው ገደል ከገባ ሽቅቤ እነዚያን ቁጥሮች ከየት አመጣቸው?

ከኪሱ ነዋ! እሷ ከሰጠችው ካርታ ላይ።

ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። የቀያሾቹን ድንጋይ አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩ የካርታው የቱ ጋ እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ራሱ የት እንዳለ ገምቶ ቁጥሩን ከካርታው መስመሮች ላይ አንብቧል። የጥንቱ ካርታ ቁጥሮች ደግሞ የሚጀምሩት ከሌላ መነሻ ነው። አንድ ቤት የዱሮና የአሁን ቁጥር እንደሚኖረው ሁሉ፣ ያው አንድ ቦታ በሁለቱ ካርታዎች ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር አለው። የዱሮውን ቁጥር ይዞ በአዲሱ መንደር ቤት የሚፈልግ ሰው የሌላ ሰው በር ነው የሚያንኳኳው። ይህ ነገር በካርታው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። ግርጌው ያለው ነጩ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙን የቆረጠችው እሷ ናት።

 ቆሞ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም፤ ወደ ሻምበል ደወለች።

«ሻምበል፣ ወንድሜ ውኃ ውስጥ የለም።»

«እህቴ፣ ይህንን የማይለኝ ቤተሰብ የለም» አላት በርኅራኄ።

«አይ፣ ይስሙኝማ!» ብላ አስረዳችው። እየተቻኮለች፣ ቃላቷ እየተጋጩ ነበር። ሻምበል ግን ሳያቋርጣት ሰማት።

«ስለዚህ ፈቀቅ ይላል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ ወደ ምሥራቅ። ገደሉ ላይ ነው የሚሆነው፣ ከሐይቁ በላይ።»

«በምን ያህል? ገደሉ ሰፊ ነው።»

«እሱን ነው የማላውቀው። ለሌሎቹ ካርታዎች የታወቀ ልክ አለ፤ ይኼኛው ግን ከዚያ በፊት ለብቻው የተሠራ ነው። ሁለቱን አስተያይቼ ላውጣው። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ጉም እየወረደ ነው» አለ ሻምበል። «ፍጠኚ።»

ከላይ ፎቅ «ሚሊሜትር» የሚሉትን ባልደረባዋን ጠራችው። ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ፣ የኮምፒውተር ካርታዎችን የሚያዘጋጅ፣ ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምር እንኳ ማንኪያውን በጣቱ ደልድሎ የሚለካ ሰው ነው። ዛሬ ግን ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። አዲሱን ካርታ በስስ ፕላስቲክ ላይ በልኩ አትሞ አምጥቶ ነበር። የጥንቱን ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አዲሱን ከላዩ አለበሱት።

ሁለቱን ለማጋጠም በሁለቱም ላይ ያለና ያልተንቀሳቀሰ ነገር ያስፈልጋል። ደኑ አይሆንም፤ ሸሽቷል። የሐይቁ ዳርም አይሆንም፤ ውኃው ውጦታል። መንገዱም ሌላ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ አገር በቦታቸው የቀሩት የተራራ ጫፎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም በሁለቱም ካርታ ላይ በግልጽ የሚታዩት ሦስት ናቸው። ሁለቱ በሐይቁ ምዕራብ፣ ጎን ለጎን። ሦስተኛው በምሥራቅ ጥግ፣ ለብቻው፣ ከገደሉ በላይ።

የመጀመሪያውን ጫፍ ለኩ። ሁለተኛውን ለኩ። ፈቀቅ ያሉበት ልክ አንድ ነው፤ የመርፌ ጫፍ ያህል እንኳ አይለያይም። ሦስተኛውን ሲለኩ ሚሊሜትር ማስመሪያውን አነሣና እንደገና አስቀመጠው።

«ይሄኛው ለብቻው ነው የሚሄደው» አለ።

«ደግመህ ለካው።»

ደግሞ ለካው። ያው ነው። በገደሉ ላይ የሚወርደው ፏፏቴ በጥንቱ ካርታ ላይ አልተሣለም፤ አዲሱ ግን ያሳያል። በሁለቱ ጫፎች ልክ ከሄዱ ሽቅቤ ያለው ከፏፏቴው በስተሰሜን ባለው ሸለቆ አናት ላይ ነው። በሦስተኛው ልክ ከሄዱ ከፏፏቴው በስተደቡብ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ባለ ጠባብ እርከን ላይ ነው።

«ሁለቱ ይስማማሉ» አለች እሷ። «የማይስማማው ስህተት ነው። ቀያሾቹም ሰው ናቸው፣ ይሳሳታሉ።»

«ግን ለእሱ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው።»

«አንተ ብትሆን የትኛውን ትይዛለህ?»

ሚሊሜትር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው። «እኔ እንጃ» አለ በመጨረሻ።

ስልኩ ጮኸ። ሻምበል ነው።

«ሁለት ቦታ ነው የሆነብኝ» አለችው። «ሁለቱንም ማየት አይችሉም?»

«ፏፏቴው መሃል ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ተመልሶ ወጥቶ፣ በላይ ዞሮ፣ እንደገና መውረድ ነው። ለዚያ ገደል የሚበቃ አንድ ገመድ ነው ያለኝ፤ ብርሃኑም እየሄደ ነው። አንዱን ንገሪኝ።»

ዓይኗን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አመላለሰች።

«እህቴ፣ ወንድምሽ ባይሆን ኖሮ የትኛውን ትዪኝ ነበር?»

«ሁለቱ የተስማሙበትን።»

«እንግዲያው እሱን ስጪኝ።»

ሰጠችው። የሰሜኑን።

ሚሊሜትር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ሐይቁ ወሰዳት። ሲደርሱ ጀልባዎቹ ከውኃው ወጥተው ዳር ላይ ተገልብጠዋል። ጉሙ ሐይቁን ሸፍኖ ወደ ገደሉ እየተሳበ ነው። የሻምበል ሰዎች እርጥብ ገመዳቸውን ጠቅልለው አንድ በአንድ ከላይ ይወርዳሉ። ከመሃላቸው ቃሬዛ የያዘ የለም።

«የለም» አለ ሻምበል። «ሸለቆውን ከላይ እስከ ታች አይተናል። ተጣርተናል። የለም።»

«እንግዲያው ደቡቡ ነው! ሌላኛው ነው፣ ሻምበል! አሁን ሄደው—»

«ጠዋት።»

«ዛሬ! እባክዎን!»

«ሰዎቼን በዚህ ጉም ገደል ላይ አላወርድም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዱን ለማውጣት ሌላ አልቀብርም። ጎህ ሲቀድ እኔ ራሴ እወርዳለሁ።»

እናት በግድቡ ጠባቂ ቤት ውስጥ አንድ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ልጇ አጠገቧ ስትቀመጥ ፈቀቅ አለችባት።

«ጠዋት ያገኙታል፣ እማዬ። የት እንዳለ አሁን አውቀናል።»

«ጠዋት ውኃ ውስጥ ነው አላችሁኝ» አለች እናት ወደ ግድግዳው እያየች። «ቀጥሎ እዚህ ነው አላችሁ። አሁን ደግሞ እዚያ። ልጄ ዕቃ ነው እንዴ፣ እንዲህ የምታዘዋውሩት?»

 እስኪነጋ ዝናቡ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ አደረ።

ሻምበል ቃሉን አላጠፈም። ጎህ ሲቀድ ከደቡብ በኩል ራሱ ወረደ። ሽቅቤን ያገኘው ሦስተኛው ጫፍ ባመለከተበት እርከን ላይ፣ ቀኝ እግሩ በአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተይዞ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ግን በሕይወት ነው። በቃሬዛ ሲያወጡት እናት ከላይ እስከ ታች በእጇ እየዳሰሰችው፣ እያለቀሰችና እየሰደበችው አብራ ሮጠች። «ስብሰባ አለኝ! ይሄ ነው ስብሰባው? ይሄ ነው?» እህቱ ከኋላ ቀረች። እሷን ያየ አልነበረም።

ሆስፒታል እንደገባ በዚያው ቀን እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ከክፍሉ ወጥታ ሁኔታውን ስታስረዳቸው እህቱ ተከትላት ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት።

«ትናንት ማታ ቢወጣ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር?»

ሐኪሟ ደክሟታል። «ምናልባት» አለች። ወዲያው ደግሞ «ምናልባትም አይተርፍም ነበር። ድንጋዩ ሥር ብዙ ቆይቷል። ይህን ጥያቄ ብትተዪው ይሻልሻል» አለቻት።

የመጀመሪያውን ምናልባት ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናትና ሴት ልጇ የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው። ሰሜኑን የመረጠችው ልጇ መሆኗን እናት ከሻምበል ሰዎች ሰምታለች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቤቱ ለሁለት የተከፈለ ያህል ሆነ። እናት ምግብ ታቀርባለች፣ አትጠራትም። ጎረቤቷ በመጣች ጊዜ «በያት፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው» ትላለች፣ ልጇ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እየሰማች። ጎረቤቲቱም ግራ ገብቷት ወደ ልጅቱ ዞራ «ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው አሉሽ» ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ሽቅቤ ግን ስለ ምርጫው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሕመሙ ቀለል ሲልለት ወሬው ተመለሰ፤ ለጠያቂ ሁሉ እጁን እያወናጨፈ ይተርካል። አንድ ከሰዓት እህቱ ትራሱን ስታስተካክልለት «ደግሞ ባወጡኝ ዋዜማ ሰምቻቸው ነበር እኮ» አላት። «ከፏፏቴው ማዶ ስሜን ሲጠሩ። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ንፋሱ የእነሱን ድምፅ ወደ እኔ ያመጣዋል፤ የእኔን ግን ውኃው ዋጠው። ሲሄዱ ሁሉ ሰማሁ። ገመዱን ሲስቡት፣ ሲነጋገሩ። ያን ጊዜ ነው በቃ አለቀልኝ ያልኩት።»

እጇ ትራሱ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ ወደዚያ የላክኋቸው» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ሁለቱን ጫፎች፣ ሦስተኛውን፣ የሻምበልን ጥያቄ፣ የእሷን መልስ። ሽቅቤ ጣሪያውን እያየ ሰማ። ስትጨርስ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«ማወቅ አለብህ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ እንዲቀልልሽ?»

የአልጋ ልብሱን ጫፍ በጣቷ አጣጠፈች።

«እስከ ዛሬ ስረግም የነበረው ድንጋዩን ነው፣ እትዬ» አለ። «ድንጋይ መርገም ቀላል ነው። መልስ አይሰጥም፣ አያለቅስም። አሁን ማንን ልርገም ነው የምትዪኝ? ሂጂ። ነገ ነይ፤ ዛሬ ግን ሂጂልኝ።»

ሄደች። ቤት መግባት ስላቃታት በመንገዶቹ ላይ ዝም ብላ ስትዞር አመሸች። አንድ ጊዜ ቆም ብላ፣ ሻምበል ያቀረበላትን ጥያቄ ለራሷ አቀረበች። ወንድሟ ባይሆን ኖሮ ለሚቀርበው ጫፍ ታደላ ነበር? ወይስ ወንድሟ ስለሆነ ነው ያስተማሯትን ደንብ እንደ ምርኩዝ አጥብቃ የያዘችው?

በማግሥቱ ሄደች። ሽቅቤ ዓይኑ አብጧል። እንዳላለቀሰ ሆኖ ተቀበላት፤ እሷም እንዳላየች ሆነች።

«ያ የቆረጥሽው ጠርዝ» አላት በድንገት። «ብትተዪውም አላነበውም ነበር። በሕይወቴ የካርታ ግርጌ አንብቤ አላውቅም።» ከንፈሩ በትንሹ ፈገግ አለ። ወዲያው ጠፋ። «የቀረውን ግን ገና አልጨረስኩትም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ሦስተኛው ለምን ተለየ? እሱን ቢያንስ እወቂልኝ።»

አወቀችለት። ብዙ ሳምንት ፈጀባት። ካርታው ላይ የነበሩትን ጅረቶችና ሸንተረሮች አንድ በአንድ ከአዲሱ ጋር ስታስተያይ ያ የምሥራቅ ጥግ እንዳለ ፈቀቅ ብሎ አገኘችው። ቀያሾቹ ያንን ጥግ ከሌላው ለይተው ከሌላ መነሻ ለክተውት ኖሮ፣ በኋላ ሲያገጣጥሙት አልገጠመላቸውም። ሦስተኛው ጫፍ ስህተት አልነበረም፤ ለራሱ ጥግ ትክክል ነበር። ገደል ላይ ሥራ ያለው ሰው ስላልነበረ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አላስተዋለውም። ማስታወሻ ጽፋ በዚያ ካርታ ቅጂ ሁሉ ላይ እንዲለጠፍ ስትጠይቅ አለቃዋ «ኮሚቴ ይየው» አላት። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አልጠበቀችም፤ ራሷ ለጠፈችው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የምድር ቤቱ በር ተንኳኳ። እናቷ ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። ደረጃው አድክሟት በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ቧንቧዎቹን፣ መሳቢያዎቹን፣ የሚያንጎራጉረውን ማሽን ተራ በተራ አየች።

«አሳዪኝ» አለች።

ልጅቷ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። መሳቢያውን ስባ የጥንቱን ካርታ አወጣችና ዘረጋችላት። መብራቱን አበራች።

«እሱ የት ነበር?»

«እዚህ።»

«አንቺ የላክሻቸውስ?»

«እዚህ።»

እናት ጎንበስ አለች። ሌባ ጣቷን አምጥታ ቦታው ላይ አሳረፈች። ጣቷ ሁለቱንም ቦታ ሸፈናቸው። አንሥታ አየችና እንደገና አሳረፈችው።

«ይቺው ናት?» አለች ቀና ብላ።

«ይቺው ናት፣ እማዬ።»

«መሬቱ ላይስ?»

«መሬቱ ላይ መሃላቸው ፏፏቴ አለ። ሰው አያልፈውም።»

እናት ጣቷን ሳታነሣ ቆየች። «እኔን ቢጠይቀኝ ያ ሰውዬ፣ ሁለቱም ጋ ሂዱ ነበር የምለው» አለች።

«እኔም ብዬው ነበር። አይቻልም አለኝ።»

«እኔ አይቻልም ቢለኝም ሁለቱም ጋ ነበር የምለው። ጮኼ፣ መሬት ላይ ተንከባልዬ። ሰውየው ቆሞ እኔን ሲያባብል ይመሽበት ነበር።» ትንፋሿን ሳበች። «አንቺ አንዱን መረጥሽ። እኔ ይሄን ነው መቀበል ያቃተኝ። የተሳሳተውን መምረጥሽ አይደለም፣ መምረጥሽ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናቷ መልስ የምትጠብቅ አትመስልም። ነጠላዋን አስተካክላ ክፍሉን እንደገና ቃኘችው።

«መስኮት እንኳ የለውም» አለች። «ዛሬ በጊዜ ነይ። አዲሱን እግር ሊለኩለት ነው፤ ሰው ሲነካው ይቆጣል። ብቻዬን አልችለውም።»

«እመጣለሁ።»

እናት በሩ ጋ ስትደርስ ደረጃውን ወደ ላይ አይታ ቆመች። ልጅቷ መብራቱን አጠፋች፣ ካርታውን በጥንቃቄ ወደ መሳቢያው መለሰችና ሄዳ ክንዷን ያዘቻት። እናት ክንዷን አልነጠቀቻትም፤ አልተደገፈችባትምም። እንዲሁ ጎን ለጎን፣ በየእርከኑ እያረፉ ወጡ።